የሕዝብ ድምፅ የማን ነው?

በቋንቋችን «ድምፅ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ከሰው አንደበት ወጥቶ ከሰው ጆሮ የሚደርሰው ነው፤ ሁለተኛው መራጭ በወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ ከሣጥን የሚጨምረው ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቃል መጠራታቸው ተራ አጋጣሚ ይመስላል። ነገር ግን ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ የፖለቲካ ታሪካችን ሲታገልበት የኖረው ጥያቄ በዚሁ ቃል ውስጥ ተቋጥሯል። ይኸውም፤ ስለ ሕዝብ የሚናገር ሰው የሚናገረው ሕዝቡ የሰጠውን ድምፅ ይዞ ነው ወይስ የሕዝቡን ድምፅ ራሱ ወስዶ? ለሕዝብ ጥቅም ቆሜያለሁ የሚል ወገን ሕዝቡን ሳይጠይቅ የሕዝብ ወገን ሊሆን ይችላልን?

ጥያቄው ከሌሎች ይልቅ በግራው የፖለቲካ ወገን ላይ ይከብዳል። ንጉሥ ሥዩመ እግዚአብሔር ነኝ ብሎ ይገዛል፤ ባለጸጋ ንብረቱን፣ ወታደር ጠመንጃውን ያሳያል። ግራው ግን ከሕዝብ በስተቀር የሚጠራው ሌላ ምስክር የለውም። ምስክሩን ያልጠራ እንደሆነ ክርክሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሐሳቡ ከመሬት ይነካ ዘንድ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ሦስቱን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን እያሰብን እንከራከር። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ የዋና ከተማዪቱ በሮች ናቸው። ከተማዪቱ የገፈርሳን ውሃ ትጠጣለች፣ የሰበታ ፋብሪካዎች የሠሩትን ትጠቀማለች፣ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ትስፋፋለች። የእነዚህ አካባቢዎች ገበሬና ሠራተኛ በሦስት ሥርዓቶች ውስጥ ስሙ ያልተጠራበት ጊዜ የለም፤ ስሙ ተጠርቶ ፈቃዱ የተጠየቀበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ሣጥኑ ለምን ተጠላ?

የግራው ትውልድ ምርጫን የናቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። ይሁን እንጂ ፓርቲ አልነበረም፤ ተመራጭ የሚሆነውም በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው ሰው ነበር። ጪሰኛው ድምፅ የመስጠት መብት ቢኖረውም፣ ድምፁን የሚሰጠው ከሚያርስለት ባለመሬት ወይም ከባለመሬቱ ወዳጅ ለአንዱ ነበር። የእህሉን ሲሶ ወይም እኩሌታ የሚገብርለት፣ ሲያሻው ከመሬቱ የሚነቅለው ጌታ በእጩነት በቆመበት ቀን ጪሰኛው «ነፃ መራጭ» ነው ማለት በሰው መከራ ላይ ማፌዝ ነው።

ውጤቱም እንደዚያው ሆነ። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማው ሲሰለፉ፣ የጪሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት የሚያሻሽል ሕግ ይወጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ከዚያም በኋላ ረቂቁ ለዓመታት ቀርቦ ተመላለሰ፤ የተመረጡት እንደራሴዎች ግን ሳያጸድቁት ዘውዱ ወደቀ። ወጣቱ ትውልድ ከዚህ የቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ የተራበና የተፈራረደበት ሰው ድምፅ የራሱ አይደለም የሚል። ትምህርቱ ዛሬም ትክክል ነው። ስሕተቱ ከዚህ ቀጥሎ በተደረሰበት መደምደሚያ ላይ ነበር። የጪሰኛው ድምፅ የራሱ ካልሆነ፣ ድምፁን ለራሱ መመለስ ሲገባ፣ «እስኪነቃ ድረስ እኛ እንናገርለት» ተባለ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣ የተባለው ገጸ ባሕርይ የሥርዓቱን ግፍ ከማንም አብልጦ ያያል፤ የሚሰማው ግን የለም፤ እብድ ይሉታል። የኛ ምሁር ጉዱ ካሣን ወደደ፤ ራሱንም በእርሱ መሰለ። ነገር ግን ጉዱ ካሣ ሥልጣን አልነበረውም። ብቻውን እውነትን የሚያይ ሰው ሥልጣን በያዘ ጊዜ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ልቦለዱ አላነሣውም፤ ያነሣው ታሪክ ነው።

ሳይጠየቅ የተሠራ ፍትሕ

አሁን ከከባዱ ቦታ ደረስን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ለማድረግ አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። የገባርና የጪሰኛ ሥርዓት ተሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በ800 ሄክታር ክልል ውስጥ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። ይህ አዋጅ ለሕዝብ ድምፅ አልቀረበም። በሕዝብ ያልተመረጡ ወታደሮች አወጁት። ሆኖም በዘመናችን ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ በደስታ አደባባይ ያስወጣ እንደርሱ ያለ ጥቂት ነው። በሰበታና በሱሉልታ ሜዳ ላይ እኩሌታ ሲገብር የኖረ ገበሬ ምርቱን ሙሉ በሙሉ ከጎተራው ያስገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ «ሕዝብ ሳይጠየቅ የተሠራ ሥራ ሁሉ ግፍ ነው» የሚል ካለ፣ ይህን አዋጅ ግፍ ነው ሊል ይገባዋል፤ ይህን ሊል የሚደፍር ግን ጥቂት ነው። ባለመሬቱ የሞላው ፓርላማ እስኪወስን ይጠበቅ ቢባል ኖሮ ጪሰኛው እስከ መቼ ይጠብቅ ነበር? ስለዚህ ፍትሕ አንዳንድ ጊዜ ከድምፅ ቆጠራ ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል መቀበል ይኖርብናል። ሰንሰለት ለመፍታት የታሰረውን ሰው ፈቃድ በጽሑፍ መጠየቅ አያስፈልግም።

ነገር ግን ሰንሰለት የፈታ ሰው ለተፈታው ሰው ጌታ አይሆንም። የጭብጡ ልብ ይህ ነው። ሳይጠየቅ የተሠራ ፍትሕ ዕዳ ያስከትላል፤ ዕዳውም ፍትሑን የተቀበለው ሰው እንደ ገና «ከእንግዲህ ማን ይምራህ?» ተብሎ እንዲጠየቅ ነው። ውለታ ሥልጣን አይሆንም። መሬት የሰጠ መንግሥት መሬት በመስጠቱ ምስጋና እንጂ ዘላለማዊ ዙፋን አይገባውም። በ1967 ዓ.ም. የጠፋው ይህ ልዩነት ነው።

ያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም የሚል ሰው ፖርቱጋልን ይመልከት። በዚያች አገር አምባገነኑን ሥርዓት እ.አ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1974 የጣሉት ወታደሮች ነበሩ፤ እንደኛው ወታደሮች ሶሻሊዝምን ይናገሩ ነበር። ሆኖም ልክ በዓመቱ፣ እ.አ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1975፣ የመሥራች ጉባኤ ምርጫ ተካሄደ፤ ከመራጩም ከመቶ ከ90 በላይ የሆነው ወጥቶ መረጠ። የኮሙኒስት ፓርቲው ከመቶ 12.5 ያህል ብቻ አገኘ። በአምባገነኑ ዘመን በእስር ቤት ብዙ ለተሠቃየ ፓርቲ ይህ መራራ ቁጥር ነበር። ነገር ግን አገሪቱ ምሬቱን ውጣ ቀጠለች፤ ፓርቲውም ቢሆን በሕይወት ኖሮ ለብዙ ዓመታት በፓርላማ ተቀመጠ።

በኛ አገር በዚያው ዘመን ሁለት የግራ ድርጅቶች ስለዚሁ ጥያቄ ተጣሉ። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ዛሬውኑ ይቋቋም አለ፤ መኢሶን ከደርግ ጋር በሂሳዊ ድጋፍ እየሠሩ ሕዝቡን ማንቃትና ማደራጀት ይቀድማል አለ። የአንደኛው ልሳን «ዴሞክራሲያ»፣ የሁለተኛው «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ይባል ነበር። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲነበቡ ልብ ይነካሉ። ክርክሩን ሊዳኝ የሚችለው ራሱ ሰፊው ሕዝብ ነበር፤ ዳኛው ግን ከቶ አልተጠራም። ክርክሩ ወደ ጥይት ዞረ፤ በቀይ ሽብር ዘመን የሁለቱም ወገን ወጣቶች አለቁ፤ የመኢሶን መሪ ኃይሌ ፊዳም በ1971 ዓ.ም. ተገደለ። የተረፈው ጠመንጃ የያዘው ነበር፤ እርሱም ለማንም አልተከራከረም።

ፊቱን ወደ ላይ ያዞረው ሊቀ መንበር

በዚያው ዘመን በታች በኩል የሆነው ግን ሊዘነጋ አይገባም። ገበሬው በማኅበሩ ውስጥ ሊቀ መንበርና የፍርድ ሸንጎ አባላት መረጠ። ትናንት በባለመሬቱ ደጅ ቆሞ የሚለማመጥ ሰው ለጎረቤቱ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። በዋርካ ጥላ ሥር እጅ በማውጣት የተደረገው ይህ ምርጫ እንከን ቢኖረውም፣ መራጩ ተመራጩን ከነቤተሰቡ የሚያውቅበት ምርጫ ነበር።

የማኅበሩ ነፍስ የወጣው ምርጫው ሲሠረዝ አይደለም፤ የሊቀ መንበሩ ተጠያቂነት ሲገለበጥ ነው። እህል በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስገባ ታዘዘ። ከ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላም ወጣቶችን መልምሎ እንዲያቀርብ ታዘዘ። በሰዎች የተመረጠው ሰው ሰዎቹን አሳልፎ የሚሰጥ ሆነ። ፊቱን ከመራጮቹ ወደ አዛዦቹ አዞረ። ከዚህ የምንገነዘበው፣ ምርጫ ማለት ሰውን ወደ ወንበር ማውጣት ብቻ አለመሆኑን ነው። የተመረጠው ሰው ከማን ፊት ቆሞ መልስ ይሰጣል? የሚያወርደውስ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ያልተመለሱበት ምርጫ፣ ሰዎች የገዛ ጠባቂያቸውን የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ይሆናል።

የ1979ኙ ብሔራዊ ሸንጎ የዚህ ሁሉ ፍጻሜ ነው። በጥር ወር ለሕገ መንግሥቱ ከመቶ 81 የሚሆነው ሕዝብ ድጋፍ ሰጠ ተባለ፤ በሰኔ 835 የሸንጎ አባላት ተመረጡ። እጩዎቹ ሁሉ በኢሠፓ ወንፊት የተነፉ ነበሩ። አራት ዓመት ሳይሞላ ያ ሁሉ ድጋፍ ከነሸንጎው ጠፋ፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊከላከልለት የወጣ መራጭ አልታየም። ሳይፈልግ የተሰበሰበ ድምፅ ሲያስፈልግ አይገኝም።

መቶ ከመቶ

ደርግን የጣለው ኢሕአዴግም የዚያው የተማሪ ንቅናቄ ልጅ ነበር። «አብዮታዊ ዴሞክራሲ» የሚለው ስሙ ሁለቱንም ነገር፣ የንቁውን መሪ ድርጅትም የሣጥኑንም፣ በአንድ ላይ ሊይዝ ሞከረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመምረጥና የመመረጥ መብትን አጸና። ለአንድ አፍታም ሁለቱ የታረቁ መስሎ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ረጅም ሰልፍ ይዞ መረጠ፤ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 መቀመጫ እንዳገኙ ይፋ ሆነ። በኅብረቱ ውስጥ በሰባዎቹ እ.አ.አ. እርስ በርስ የተጋደሉት ኢሕአፓና መኢሶን በአንድ ጥላ ሥር ተሰልፈው ነበር። ይህ በጽሞና ሊታሰብ የሚገባ ነው፤ በጥይት ያልተፈታው ክርክር ከሣጥኑ ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ አብሮ መቆምን አስተማረ። ዳሩ ግን በውጤቱ ላይ በተነሣው ውዝግብ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን በፓርላማው የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዘገበ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየጠራ፣ እውነቱ እየደፈረሰ ሄደ። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ሁሉንም፣ መቶ ከመቶ ያዙ። በየምርጫ ጣቢያው የተነበበው ውጤት እውነት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ክረምት በኢትዮጵያ ውስጥ ቅር የተሰኘ የምርጫ ወረዳ አልነበረም። ግን ስድስት ወር እንዳለፈ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ ከቡራዩ በስተምዕራብ በዚያው በአምቦ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ አገሩን አዳረሰ። የተቃውሞው አንዱ ምክንያት አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያቀናጀው ማስተር ፕላን ነበር። በጥር ወር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ቁጣው ግን አልበረደም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከቢሾፍቱው የኢሬቻ እልቂት በኋላ በሰበታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ ቀጥሎም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ፕላኑ በባለሙያ የተሠራ ነበር፤ ምናልባትም ስለ መንገድና ስለ ውሃ የያዘው ሐሳብ መልካም ሊሆን ይችላል። ገበሬው የተቃወመው ካርታውን አንብቦ ሳይሆን ልምዱን አንብቦ ነበር። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በተባለበት አገር፣ ከመሬቱ ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር፤ ያው መሬት ግን በሊዝ ጨረታ የሚያወጣውን ዋጋ በዓይኑ አየ። «መሬት ለአራሹ» ብሎ የጀመረው ሐሳብ «መሬት የሕዝብ ነው» ወደሚል ተሸጋገረ፤ «የሕዝብ» የሚለው ቃልም ሕዝቡን ከመሬቱ ማስነሻ ሆነ። የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ታሪክም ያው ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተቋቋመ፤ በደርግ ዘመን የሕዝብ ንብረት ተባለ፤ በ2004 ዓ.ም. ዲያጂዮ ለተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ተሸጠ፤ ኋላም ወደ ቢጂአይ ተዛወረ። መውረሱም መሸጡም ትክክል ነው የሚል ተከራካሪ ሊኖር ይችላል። ግን ሲወረስም ሲሸጥም ባለንብረቱ ሕዝብ ነው ከተባለ፣ ባለንብረቱን ማን ጠየቀው?

ሣጥኑ ብቻውን በቂ ነውን?

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «እንግዲያው ንጹሕ ምርጫ ይካሄድ፤ ሁሉ ይስተካከላል» ማለት ሌላ የዋህነት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ ሁሉም ስለ ነፃነት በሚናገርበት ወራት፣ በቡራዩና በአካባቢው ከሃያ በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ሺሕ ሰዎችም ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። ከደቡብ ኢትዮጵያ መጥተው የኖሩ፣ ሸማኔዎችና የቀን ሠራተኞች የነበሩባቸው ቤተሰቦች ተጎዱ። ያን ቀን የብዙኃኑ ድምፅ ቢቆጠር ምን ይጠቅማቸው ነበር? ድምፅ ቆጠራ ማን እንደሚያስተዳድር ይወስናል፤ ማን ሰው እንደሆነ ግን አይወስንም። የጎረቤት ሕይወት ለድምፅ የሚቀርብ አጀንዳ አይደለም። የግራው ትውልድ በቋንቋና በእምነት የተለያዩ ሰዎች በአንድ የሽመና ዕቃ፣ በአንድ የፋብሪካ ደወል ሥር አንድ ጥቅም እንዳላቸው ማስተማሩ ከሥራዎቹ የማያረጀው ነው፤ ዛሬም የምንፈልገው ነው።

ሁለተኛው እጥረት የአማራጭ እጦት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ኦነግና ኦፌኮ፣ አባሎቻችን ታስረዋል፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተዋል ብለው አልተሳተፉም። ብልጽግና ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸነፈ። የኦሮሚያ መራጭ ከፊቱ የቀረበለት ወረቀት አጭር ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጋር ሸገር በምትባል ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ፣ ውሳኔው የክልሉ መንግሥት ነበር።

በዚህ ረገድ የቺሌ ግራ ያለፈበት መንገድ ያስተምራል። የአየንዴ መንግሥት እ.አ.አ. በ1973 በወታደር ከተገለበጠ በኋላ ግራው በእስርና በስደት ደቀቀ። አምባገነኑ እ.አ.አ. በ1988 ሕዝበ ውሳኔ ሲጠራ፣ ከግራው ገሚሱ በአምባገነን ሕግ መወዳደር ሥርዓቱን ማጽደቅ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ባዶ አልነበረም። በመጨረሻ ግን ቤት ለቤት ሄደው ሰዉን አስመዘገቡ፤ ታዛቢ አቆሙ፤ ከመቶ 56 የሚሆነው «አይሆንም» አለ። ሣጥኑ ራሱ አላዳናቸውም፤ ሣጥኑን የጠበቀው የተደራጀ ሰው ነው ያዳናቸው።

የኛው ትምህርት ቤት

ሥልጣንን በልክ መስጠትና በጊዜ መቀበል ለዚህ አገር እንግዳ ትምህርት አይደለም። የቱለማ ኦሮሞ በኖረበት በዚህ ምድር የገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ያሸጋግር ነበር፤ አባ ገዳው መልካም ቢሆንም ጊዜው ሲደርስ ይለቃል። ሴቶችን በእኩልነት አለማሳተፉን ሳንሸሽግ፣ «መልካም መሪም ይወርዳል» የሚለው ሕጉ ግን ከብዙ ዘመናዊ ፓርቲዎች ፕሮግራም ይበልጣል። በየመንደሩ ያለው ዕድርም እንዲሁ ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ ሒሳብ በአባላት ፊት ይነበባል፤ የተሰወረ ገንዘብ ካለ ያዡ ይጠየቃል፤ ማንም የዕድር ሰብሳቢ ንፍሮና ድንኳን ስላቀረበ ዕድሜ ልኩን ልሰብስብ አይልም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሹመትን ባሕል ያሳያል፤ ዕድሩ ግን ሌላ ባሕል እንዳለን ይመሰክራል። የኛ ግራ ከውጭ መጻሕፍት ብዙ ተማረ፤ ከዕድር መዝገብ ግን ጥቂት።

ለማጠቃለል፣ ለሕዝብ መቆም ሦስት ግዴታ አለው። የሰውን ጉልበቱንና መሬቱን ለራሱ በመመለስ ድምፁን የራሱ ማድረግ፤ ከዚያም ያን ድምፅ መጠየቅ፤ መልሱ «አይሆንም» ሲሆንም መውረድ። የመጀመሪያውን ብቻ የፈጸመ ለጋስ ጌታ ይሆናል። ሁለተኛውን ብቻ የፈጸመ የተራበን ሰው ወረቀት ያስይዛል። ሦስተኛውን ያልተቀበለ ደግሞ ሁለቱንም ያፈርሳል፤ የመጠየቅ እውነተኛነት የሚታወቀው ጠያቂው ያልወደደው መልስ በመጣ ጊዜ ነውና።

ካድሬው ስብሰባ ሲጠራ ይዞት የመጣውን ውሳኔ ማስጨብጨብ ሥራው እንዳልሆነ ይወቅ፤ የተቃወመውን ገበሬ ቃል ሳይቀንስ ወደ ላይ ያድርስ። መምህሩ ተማሪው የክፍል አለቃውን ሲመርጥ ይመልከት፤ አገር የሚማረው ከዚያ ነው። የኪነት ሰው ደግሞ «ሰፊው ሕዝብ» የሚባለውን ፊት የሌለው ምስል ይተውና፣ በሰበታ የፋብሪካ በር የምትወጣዋን ሴት፣ በሱሉልታ ከመሬቱ የተነሣውን ሽማግሌ፣ በቡራዩ ሸማውን ጥሎ የሸሸውን ሸማኔ በየራሳቸው አንደበት ያናግር። ድምፁን ከሰማነው ሰው ድምፁን ለመስረቅ እጃችን ይከብዳል።